የሞክሼዬ ፖም

ኧረ በእናታችሁ፣ ውሸት ነው በሉኝ!

ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ አላርፍ ብሏል። ግማሹ "አለህ እንዴ?" ይለኛል፣ ግማሹ ድምፄን ሲሰማ ደንግጦ ይዘጋዋል። አለሁ። የሞተው ሞክሼዬ ነው፣ አዋላጅ ነርሱ ማቴዎስ። እኔ የእግር ኳስ ዳኛው ማቴዎስ ነኝ። የአባቶቻችን ስም እንኳ አንድ ነው።

"እኔ አይደለሁም፣ ሌላኛው ነው" ስላቸው "እፎይ፣ ተመስገን!" ይላሉ። ምኑ ነው ተመስገን? ትናንት ሥራ ውሎ የገባ ሰው ዛሬ የለም ተብሎ! ከሲቀላ ሰፈር ሴቻ ሰፈር፣ ከሴቻ ሲቀላ ስመላለስ ነው የዋልኩት። ቁጭ ማለት አልቻልኩም።

የተዋወቅነው በፖም ነው። አንድ ቀን ከመናኸሪያ ደውለው "ማቴዎስ፣ ከጨንቻ ዕቃ መጥቶልሃል" አሉኝ። ማን ላከልኝ እንኳ ሳልል ወሰድኩ። ለጎረቤቱ ሁሉ አደልኩ፣ የቀረውን በላሁት።

በሳምንቱ አንድ ረጅም ሰውዬ ቤቴ መጣ። ለካ ፖሙን የላኩት የጨንቻ እናት ናቸው፣ ልጃቸው መኪና መንገድ ላይ በምጥ ስትያዝ ያዋለደላቸው እሱ ነው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እሱ ግን በሳቅ ሊሞት።

"ግዴለም፣ እኔም ያንተን ስድብ ስበላ ነው የከረምኩት" አለኝ።

እውነቱን ነው። ያን ሰሞን የከተማችን ቡድን ያገባትን ጎል ሽሬ ሕዝቡ ጥርሱን ነክሶብኝ ነበር። ሚስቱ ምጥ ላይ ያለች አንድ ባል የሞክሼዬን ባጅ ያነብና "ያቺን ጎል የሻርካት አንተ ነህ?" ብሎ ያፈጥበታል። እሱ ደግሞ "መጀመሪያ ልጅህ ይወለድ፣ ጎሉን ኋላ እናጣራለን!"

"ለምን እኔ አይደለሁም አትልም?" አልኩት።

"ምን አለበት ሞክሼ፣ አቤት በልላቸው። ሰው የጠራውን ሲያገኝ ደስ ይለዋል።"

ይቺ ናት አባባሉ። ማዋለጃ ክፍል ሲገባ ስልኩን ስለሚዘጋ፣ ለጨንቻዋ እናት የኔን ቁጥር ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ሲደውሉ እሱ እየመሰልኳቸው አቤት የምለውም፣ ፖሙን የምቀበለውም እኔ ነኝ፣ ቁጭ ብለን እየሳቅን እንካፈላለን።

ዛሬም መጣ።

ለቅሶ ቤት ልሄድ ስወጣ ነው ከመናኸሪያ የተደወለው። ተሸካሚ ያመጣው ጆንያ በሬ ሥር ተቀምጧል። እጄን ላሳርፍበት አልቻልኩም፣ ዞሬ እያለፍኩት ነው የምወጣው የምገባው።

ትንሽ ቆይቶ የጨንቻዋ እናት ራሳቸው ደወሉ።

"ማቴ፣ ልጄ፣ ፖሙ ደረሰ?"

"አቤት እማማ፣ ደረሰ።"

"የልጅ ልጄ እኮ አደገች! ትምህርት ቤት ልናስገባት ነው፣ መጥተህ እያት እንጂ።"

"እሺ፣ እመጣለሁ" አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሞክሼ፣ አቤት በልላቸው ብለኸኝ ነበር፣ ይኸው ብያለሁ። የለም በልላቸው ግን አላልከኝም። ይሄን በስልክ አልነግራቸውም። ከቀብርህ ማግስት ጨንቻ እወጣለሁ፣ ልጅቷንም አይልሃለሁ።

ደህና ሁን ወንድሜ። የሰውን ስድብ ችለህ የሰው ልጅ ስትቀበል የኖርክ፣ አፈሩ ይቅለልህ።

ብቻ አንድ ነገር ጨንቆኛል። ደጃቸው ቆሜ ማቴዎስ ነኝ ብላቸው፣ አይተውኝ "የኔው ማቴዎስስ?" ማለታቸው አይቀርም።

ያን ጊዜ ማን አቤት ይበልላቸው?