ክኒን ያልዋጥኩባቸው ዓመታት

እኔና ጎረቤቴ ላሊበላ ውስጥ ጧፍ እየሠራን ለተሳላሚ እንሸጥ ነበር። ኤች አይ ቪ በደማችን እንዳለ የተነገረንም በአንድ ቀን ነው። እሷ ወዲያው መድኃኒት ጀመረች። የእኔ ሰውነት በሽታ የመከላከል አቅሙ ከፍ ያለ ስለነበር በጊዜው ደንብ «ላንቺ ገና ነው» ተባልኩ። ገና እንደተባልኩ ዓመታት አለፉ፤ ጉንፋን እንኳ በወጉ አልያዘኝም።

የቫይረሱን ብዛት የሚለካው ምርመራ ሲመጣ ደሜ ደሴ ተላከ። የጤና ጣቢያው ነርስ ውጤቱን ደጋግማ አየችው።

«ተደብቀሽ መድኃኒት ትወስጃለሽ እንዴ?»

ማልኩላት። ያኔ ሳቀች። «እንግዲያው ሰውነትሽ ራሱ ይዞታል። ቫይረሱ አለ፤ ግን ምርመራ እስከማያየው ድረስ አንሷል። እንዲህ የሚሆነው ከስንት አንድ ሰው ነው።»

«አለ» ያለችውን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። የበሩን ዘበኛ ሳምኩት፤ ደነገጠ። የማላውቃትን ሽንኩርት ሻጭም ሳምኳት። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት እግሬ ይጠየቅ። ጎረቤቴ ቤት ደፍ ላይ ቆሜ ሁሉንም ለፈለፍኩት።

እሷ ግን የክኒኗን ብልቃጥ አንስታ ጓሮ ወረወረችው። «አንድ ጠበል ተጠምቀን አንቺን የማረ እኔን ይተወኛል? አያረገውም!»

የነፍስ አባታችንን ይዤባት መጣሁ። «ልጄ፣ ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ ነው» አሏት።

«አባ፣ እርስዎም ይህንን ይላሉ፤ እሷ ሳትውጥ ትፎክርብኛለች!»

ክረምቱ ሲገባ ሳል ጀመራት፤ ቀሚሷም ሰፋት። በአፌ ልገድላት ነው ብዬ አለቀስኩ።

ደንቡ ተቀይሮ መድኃኒቱ ቫይረሱ ላለበት ሁሉ መሰጠት ጀምሮ ነበር። ነርሷን «ለእኔም ስጪኝ» አልኳት። ለጎረቤቴም አዲስ ብልቃጥ አስጨምሬ ፊቷ ተቀመጥኩና ዋጥኩ።

«ምላስሽን አውጪ!» አለችኝ።

አወጣሁ። አላመነችኝም፤ ጉንጬን በጣቷ ፈትሻ ስታበቃ የራሷን ዋጠች። ክኒኑ ራሴን አዞረኝ። አረቄ እንደጠጣ ሰው ግድግዳ ይዤ ስንገዳገድ ከስንት ሳምንት በኋላ ሳቀች፤ እስክታስል ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ባልቴቶች በየቀኑ ምላስ መተያየት ሥራችን ሆነ።

ከወራት በኋላ የእሷም ውጤት ከደሴ መጣ። «አይታይም» አለቻት ነርሷ። ጎረቤቴ በወረፋው ሁሉ ፊት እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም አብሬ እልል ስል በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«አንቺ እንዲያው ተሰጥቶሽ ነው፤ እኔ ግን አንድ በአንድ ውጬ ነው ያገኘሁት!»

እውነቷን ነው። እልልታውን ለእሷ ተውኩላት።