ዲያቆኑን ማን ይመታል

ስምንት ጊዜ ገጥሞ ስምንቱንም አሸንፏል። ስለ ቦክሰኛዬ ይህችን ዐረፍተ ነገር ለስንት ሰው እንደተናገርኳት አላውቅም። እህል እየመዘንኩ፣ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ፣ በስልክ፣ አንዴማ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ብያታለሁ። ቃሏ እውነት ናት። እውነት የሆነ ቃል ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት ለማወቅ ደግሞ እንደኔ ሃያ ዓመት ምስርና ሽምብራ መነገድ ይበቃል።

ከቦክሰኛው ጋር ያገናኘኝ ዝናብ ነው። ሐምሌ ላይ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ዶፉ አባሮኝ የገባሁበት አዳራሽ ውስጥ ወጣቶች ቡጢ ይለማመዱ ነበር። መድረኩን ያጠሩት በጭነት ገመድ ነው፤ ጓንታቸው አፉን ከፍቷል። ከመካከላቸው አንዱ ቀጭን፣ ክንደ ረጅም ሰው ነው፤ እግሩን ሲያነሳ ወረብ የሚወርብ ይመስላል። ለካስ እውነትም ወረብ ያውቃል። ጋይንት ቤተ ልሔም ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማ ተምሯል፣ በልጅነቱ ድቁና ተቀብሏል፣ ኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት መጥቷል። ያኔም በየበዓሉ ይቀድስ ነበር፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ ቡጢውን ይዟል። ሰው ሁሉ የሚጠራው ዲያቆን እያለ ነው፤ እኔም እንደዚያው።

በዚያ ሰሞን ባሕር ዳር ግጥሚያ የሚያዘጋጅ አንድ ሰውዬ ነበር፤ የድሮ የሽምብራ ደንበኛዬ። ከአዲስ አበባ የሚያስመጣው የራሱ ቦክሰኛ አለው። አንድም ያልተሸነፈ ሰው ካለህ አምጣው፣ ለአንድ ቀን ሥራ የዓመት ይከፈለዋል አለኝ። ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚመታ አልጠየቀኝም። እኛ ነጋዴዎች እህል ስንገዛ የጆንያው አፍ አያታልለንም፤ ወገቡን በሹል ብረት ወግተን ከመሃል ያለውን እናወጣለን። ይህ ሰውዬ ወግቶ ማየት አልፈለገም። የፈለገው ጆንያው ላይ የተጻፈውን ነው፤ ያልተሸነፈ ሰው መታ ተብሎ የራሱን ሰው ስም የሚያሳምርለት እሱ ነዋ። ገባኝ። ሥራውም ተመቸኝ።

ለዲያቆኑ የነገርኩት ግማሹን ነው። ስም እንሠራለን፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ቀን ይመጣል አልኩት። እሱ ግን የሚያስበው ሌላ ነበር። የተወለደበት አጥቢያ ቄስ አጥቶ እሱን እየጠበቀ ነው። ከቻልኩበት መቅደሱን ትቼ ባሕር ዳር ክለብ እገባለሁ፣ ካልቻልኩበት ተመልሼ ቆርቤ አገባና እቀስሳለሁ ብሎኛል። በእያንዳንዱ ግጥሚያ ራሱን ይመዝን የነበረ ሰው ነው፤ ሚዛኑን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሁለቱን የመጀመሪያ ግጥሚያዎች ደካማ ሰዎች መርጬ አሳለፍኩት። በሦስተኛው፣ አርብ ገበያ፣ ተሳሳትኩ። የገበያ ቀን ነበርና የመጣው ተጋጣሚ ትከሻው እንደ በር የሰፋ አራሽ ነው፤ አውድማ ላይ መንሽ ሲያነሳ የኖረ ክንድ። አለቀልን ብዬ ነበር። ሰውዬው ግን ሁለት ዙር ሙሉ እጁን ፊቱ ላይ ሸፍኖ ቆሞ፣ በሦስተኛው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሻይ ጋብዤ ምን ነካህ አልኩት።

«ጋሼ፣ አንተም ታስቀኛለህ» አለኝ። «ነገ በዕርፈ መስቀል ደሙን የሚያቀብለኝን ሰው ዛሬ አፍንጫውን ላድማው?»

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬ ቀለለ። ደካማ ሰው መፈለግ ተውኩ። ጉልበተኛ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው ሞልቷል። ተጋጣሚዎቹን ለሕዝቡ የሚያስተዋውቀውን ተናጋሪ፣ ስሙን ሳይሆን ዲያቆን የሚለውን አስቀድም፣ የሚቀድስበትንም ደብር ጨምር አልኩት። ዲያቆኑም ነጠላውን እንደ መቅደስ አገልጋይ መስቀለኛ አጣፍቶ እንዲገባ አደረግኩ፤ ያምርብሃል ብዬው። ስማዳ ላይ ተጋጣሚው ገና ሳይጀመር ይቅር በለኝ አለው፣ ከዚያ በአንደኛው ዙር ወደቀ። እስቴ ላይ አንዱ አንድ ጊዜ ሰንዝሮ ሳተውና አማተበ።

እነዚያ ሰዎች አላጭበረበሩም። ፈርተዋል፣ አክብረዋል። አክብሮታቸውን ሰፍሬ ወደ ገበያ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ዲያቆኑ ሰዎቹ ሲወድቁ እያየ ግራ እጁ የከበደ መሰለው። ማታ ማታ በጨው ውኃ ይዘፈዝፈው ጀመር። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና አልጨከንኩም፤ ብጨክን ሰው እገላለሁ ብዬ እፈራለሁ» አለኝ አንድ ቀን፣ ከልቡ አዝኖ። እኔም አይዞህ አልኩት።

ስምንተኛውን ባሸነፈ በሳምንቱ ዜማ ያስተማሩት መሪጌታ መጋዘኔ መጡ። የዐቢይ ጾም መያዣ ነበርና ለሽሮ የሚሆን ሽምብራ ፈልገው ነው።

«ልጄን የምታዋጋው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ መሪጌታ። ስምንቱንም አሸንፏል።»

«ስምንቱን ያሸነፈው ክህነቱ ነው። ሲሞን መሠርይ እንኳ ክህነትን በገንዘብ ሊገዛ ነበር የሞከረው። አንተ ወደ ሽያጩ ገባህ።»

ሽምብራውን ሰፈርኩላቸውና ከላይ ሁለት እፍኝ መረቅኩላቸው። ምራቂውን በመዳፋቸው ዝቀው ወደ ጆንያው መለሱት። ወጥተው ደጁን ሲያልፉ ዘወር አሉና፣ መቅደሱን የሚለቅ ከሆነ አውቆ ይልቀቅ አሉኝ። ድምፃቸው አልከረረም። ቢከር ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላጣም።

የባሕር ዳሩ ግጥሚያ ከፋሲካ በኋላ ነበር። ጾሙን በሙሉ እነግረዋለሁ እያልኩ አሳለፍኩት። ነጋዴ የቆየ እህሉን ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ይሄኛው ግን እየቆየ የሚነቅዝ ነበር። በመጨረሻ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ፣ ደብረ ታቦር አውቶቡሱ ለቁርስ ቆሞ፣ እሱ ፍርፍሩን በትልልቁ እየጎረሰ ነገርኩት። የአርብ ገበያውን ሰውዬ፣ የስማዳውን፣ ነጠላውን፣ የተናጋሪውን፣ ሁሉንም። ወደ መካነ ኢየሱስ የሚመለስ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዳለም ነገርኩት።

ጉርሻውን አልተፋም። አኝኮ ዋጠ፣ ውኃ ጠጣ።

«ማንም አልመታኝም ማለት ነው» አለ።

«ማንም።»

«እንግዲያ ሲመቱኝ ምን እንደምሆን አላውቅም።»

የሚመለሰውን መኪና ትቶ ቀድሞኝ ወደ አውቶቡሱ ወጣ። ተሰድቤ ቢሆን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ወረታ ላይ ነጠላውን ከቦርሳው አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠና፣ ዲያቆን እንዳይሉኝ ንገራቸው፣ በስሜ ብቻ ይጥሩኝ አለኝ። ባሕር ዳር ስንደርስ ነገርኳቸው። አዘጋጁ ግድ አልነበረውም፤ ያልተሸነፈ የሚለውን እንዳትነካ ብቻ አለኝ።

የአዲስ አበባው ሰው ገና ሲጀመር አፍንጫውን መታው። ዲያቆኑ ዘወር ብሎ ወደኔ አየ። የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ ርቀት ላይ ስሙን የሰማ ሰው እንጂ። ደሙን በክንዱ ጠርጎ ተመለሰ። በአንደኛው ዙር አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ በሁሉም ተነሣ። በሦስተኛው ያቺ በጨው ውኃ የተዘፈዘፈች ግራ እጅ ከየት እንደመጣች ሳላያት የሰውዬው አገጭ ላይ አረፈች፣ የሰውዬውም ጉልበት ለአፍታ ታጠፈ። አጠገቤ የነበረው አዘጋጅ ማስቲካ ማኘኩን አቆመ። ወዲያው ግን የአዲስ አበባው ሰው ተስተካክሎ ቆመ፣ በአራተኛው ዙር ዳኛው ግጥሚያውን አቋረጠ። የተባለው ክፍያ መጣ። ድርሻዬን ወሰድኩ፤ አልወሰድኩም ብል ማን ያምነኛል።

በማግስቱ ጧት አንድ ዓይኑ ተደፍኖ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ ወደ ክለቡ ውሰደኝ አለኝ። እኔ ወደ አጥቢያው የሚመለስ መስሎኝ የአውቶቡስ መናኸሪያ መንገድ ጀምሬ ነበር። ክለቡ ውስጥ አንድ ጠና ያለ አሠልጣኝ መዝገብ ይዞ ተቀምጧል። የልጁን የተደፈነ ዓይን አየት አደረገና ስሙን ጠየቀው። ልጁ ማዕረጉን ትቶ ስሙን ሰጠ።

«ስንት ግጥሚያ አለህ?»

እኔ ከልምዴ የተነሣ አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጠኝ፣ ስምንቱን በድል ልል ነበር።

«አንድ» አለ እሱ ቀድሞኝ።

«ውጤቱስ?»

«ተሸነፍኩ።»

አሠልጣኙ ጻፈው፣ ከዚያም ጓንት አምጥቶ ሰጠው።