«ጀልባ» የተባለው በር

እጀ ጥቁር ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ለኅትመት ሲደረድር ጥፍሩ ውስጥ የገባው ቀለም፣ እሱ ጡረታ ቢወጣም አልወጣ ብሎ ነው። የዝነኛው ደራሲ መጻሕፍት በሙሉ በነዚያ ጣቶች አልፈዋል። ስለዚህ ደራሲው በቀለም የሞነጫጨራቸው ሥዕሎች ለእይታ ቀረቡ ሲባል፣ ኮቱን አስተኩሶ፣ ሴት ልጁን አስከትሎ ሄደ።

አዳራሹን ዞረ። የደራሲው መነጽር በመስታወት ውስጥ፣ ብዕሩ በመስታወት ውስጥ፣ የሸለሙት ሹማምንት ፎቶ ግድግዳ ሙሉ። ስለ ማተሚያ ቤቱስ? አንድ መስመር የለም! መጽሐፍ ከደራሲ ጭንቅላት ተነሥቶ፣ በርሮ መደርደሪያ ላይ የሚያርፍ ይመስላቸዋል እነዚህ ሰዎች። ስንት ወገብ ጎብጦ፣ ስንት ዐይን ፈዝዞ እንደታተመ ማን ይጠይቅ?

አንድ ሥዕል ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ። ከሥሩ «ጀልባ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ተዘቅዝቋል!» አለ።

«አባዬ፣ በናትህ ቀስ በል፤ ሰው እያየን ነው» ልጁ ክንዱን ያዘችው።

«ይየና! ለማየት አይደል የመጣው?»

አስጎብኚዋ ፈገግ ብላ ቀረበች። «አባባ፣ ጀልባ ነው። ያቺ ጭረት መቅዘፊያው ናት። ስደትን ያመለክታል።»

«ምን ስደት ታመጪብኛለሽ? እንደ ‹ሀ› ፊደል አፉን ወደ ላይ ከፍቶ የተሰቀለው የተገለበጠ ‹በ› ነው፣ ልጄ። ፊደል ለቃሚ ነኝ፤ ዕድሜ ልኬን ፊደል ገልብጬ ነው ያነበብኩት። ይሄ የማተሚያ ቤታችን በር ነው። ደራሲው እርማት ሊወስድ ሲመጣ ማዶ ቆሞ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ይሞነጫጭር ነበር።»

«የሰቀሉት እኮ ባለሙያዎች ናቸው፣ አባባ።»

አጠገባቸው የቆመ ጎረምሳ ሳቀ። ልጁ መሬት ብትውጣት ወደደች። እጀ ጥቁር ግን ጣቱን ቀሰረ፤ ከወፍራሙ መስመር አምልጣ ወደ ላይ የሮጠች የቀለም ጠብታ ላይ።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ቀለም ሽቅብ የሚፈሰው የት አገር ነው?»

አስጎብኚዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየች። ከዚያ ሥዕሉን ከሚስማሩ አውርዳ ገለበጠችው። ጀልባው በር ሆነ። መቅዘፊያው ጎንበስ ያለ ሰው ሆኖ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አባዬ… ይሄ ጀርባ ያንተ ነው» አለች ልጁ።

«የማናችንም ሊሆን ይችላል። ማን ያልጎበጠ ነበረና!» አለ፤ ደረቱ ግን የኮቱን ቁልፍ ሊበጥስ ደርሶ ነበር።

«አባቴ ነው!» አለችው ልጁ ያንን ጎረምሳ፣ ማን ናቸው ብሎ ሳይጠይቃት።

አስጎብኚዋ ካርቶን አምጥታ እዚያው በእጇ አዲስ መግለጫ ጀመረች፦ «የማተሚያ ቤቱ በር። ፀሐፊው…»

«ቆይ፣ ቆይ! ጸሐፊ በጸሎቱ ጸ ነው» አላት እጀ ጥቁር። «ግድ የለም፣ አትፈሪ፤ ደራሲውም ሁሌ ይስታት ነበር። ታዲያ ማን ሲያርምለት የኖረ ይመስልሻል?»