ሰዲ እና ስድስት

የሥራ መደቤ «ድጋፍ ሰጪ» ይባላል። ሮቤ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ በጽዳት ነው የገባሁት። ሰው የጣለውን ወረቀት እያነሳሁ ሳነብ፣ የማይገባኝን ስጠይቅ፣ ውሎ አድሮ ምድጃውን መጠበቅ ለእኔ ተተወ።

ያኔ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ነበረች፣ የጎባ ልጅ። የምትሠራው ካታሊስት ነው፤ እሱ ራሱ ሳያልቅ ሌላውን ቶሎ እንዲዋሃድ የሚገፋፋ ነገር። ነጭ ዱቄት ላይ ዓይን የማያየው የፕላቲነም ቅንጣት ትበትናለች። ዱቄቱን «ደጋፊ» ትለዋለች።

«እንደ እርስዎ ነው፣ አዳዳ» አለችኝ። አዳዳ አክስት ማለት ነው። «ተሸክሞ ዝም ይላል።»

«እኔ ደግሞ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ?»

የመጨረሻውን ናሙና ምድጃ ውስጥ አስገብታ፣ ሃይድሮጅን ከፍታበት፣ ሙቀቱን ሳትሞላ እናቷ ታመሙና ወደ ጎባ ተጠራች። ፕላቲነሙ አልቋል፤ ይሄ ከተበላሸ ምርቃቷ ቀረ። ከሚኒባስ ውስጥ ደወለችልኝ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ተሳፋሪው ይንጫጫል። «ሰዲ መቶ ላይ ያድርጉልኝ» ብላ ኖሯል፤ እኔ ጋ የደረሰው «ሰድ… መቶ» ነው። የጎደለውን ጆሮዬ ራሱ ሞላውና ስድስት መቶ ዲግሪ ላይ አደረግሁት።

ሰዲ በኦሮምኛ ሦስት ነው። በሁለቱም ቋንቋ አፌን የፈታሁ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን አንዱ በሌላው ገባብኝ።

ከሰዓት መጣች። እናቷ ተሽሏቸዋል። ፊቷ በርቶ ነበር፣ የምድጃውን ቁጥር እስክታይ። «ሦስት መቶ ነበር ያልኩዎት።» ዱቄቱ ጠቁሯል። ሃይድሮጅን አሳልፋ ምን ያህል እንደሚይዝ ለካች፤ ፕላቲነሙ ምንም አልያዘም።

«ሞቷል» አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና አጠብኩ። ወጣሁ፣ ጋሪና ባጃጅ ሲተላለፍ አየሁ፣ ምን እንዳየሁ ሳላውቅ ተመለስኩ። መሳቢያዬን ገልብጬ ያጠራቀምኩትን ወረቀት ሁሉ በተንኩት። አንዱ ላይ አገኘሁት፦ በሃይድሮጅን ውስጥ ከመጠን በላይ ሲሞቅ፣ እንዲህ ያለው ደጋፊ ተሸክሞ አይቀመጥም፤ እንደ ወተት ስልባቦት ስስ ሆኖ ብረቱ ላይ ይወጣና ይሸፍነዋል። በአየር ሲሞቅ መልሶ ይወርዳል።

«አልሞተም» አልኳት። «ደጋፊው ላዩ ላይ ወጥቶበት ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አዳዳ፣ ደጋፊዎች ዛሬ ተባብራችሁብኛል።»

በማግስቱ በአየር አሞቅነው፣ ከዚያ ሃይድሮጅን፣ በሦስት መቶ። ቁጥሩን በማርከር ጽፋ ምድጃው ላይ ለጠፈችው። እሷ ኮምፒውተሩን ታያለች፤ እኔ መስኮትና በር መካከል እመላለሳለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ብዙ ተጋድሞ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ላይ ቀና አለ፤ ፕላቲነሙ ሃይድሮጅን መያዝ ጀመረ።

እንደ በፊቱ አልሆነም። በሙቀቱ ተቃቅፈው ትልልቅ የሆኑ ቅንጣቶች አሉ፣ እነሱ አይለያዩም። እሷ ግን መሸፈኑንም መመለሱንም ጽሑፏ ውስጥ አስገባችው፤ አማካሪዋም ይበቃል አሉ።

«ስድስት መቶውን ማን አደረገው?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ድጋፍ ሰጪው» አለች። የትኛው እንደሆነ አልጠየቁም።

እኔ ግን ዛሬም ስልክ ሲጮህ ብድግ እላለሁ። ቁጥር የሚነግረኝን ሰው በሁለቱም ቋንቋ አስደግመዋለሁ።