የማይጣላ ደም

ያቺ ልጅ አትታመምም ነበር። ይህ ተመስገን ተብሎ የሚነገር ነገር ነው፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ የማወራው እየተነጫነጭኩ ነበር። ገንዳ ውሃ በምትባል የቆላ ከተማ በኤች አይ ቪ ክትትል ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ቫይረሱን ከእናታቸው ይዘው የተወለዱ ልጆች ሲመጡ ምን እንደማይ አውቃለሁ። የማይለቅ ተቅማጥ፣ የሚመግል ጆሮ፣ ዕድሜን የማይመስል ቁመት። እሷ ግን እንደመጣች ጫማዋን አውልቃ ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ላይ ትወጣለች። ተራዋ ደርሶ ስትጠራ «አቤት» የምትለው ከላይ ነው።

ምርመራው ተሳስቶ ይሆናል ብለን ደግመነዋል። አልተሳሳተም። ቫይረሱ አለባት።

እናቷ ከደጋው ለሰሊጥ አረም ወርዳ በዚያው የቀረች ሴት ናት። ባሏ ልጅቱ ገና ሳትድህ ሞቶባታል። መናኸሪያው አጠገብ ሻይና ፓስቲ እየሸጠች ታሳድጋታለች፤ እሷ ራሷ መድኃኒት ከጀመረች ቆይታለች። ሰዓቷን የማታዛንፍ፣ ሌሎቹን ሴቶች ሳይቀር የምትቆጣ ጎበዝ ታካሚ ነበረች። ለልጅቱ ግን መድኃኒት አልጀመርንም። በዚያን ጊዜ መመሪያው ከፍ ያለ ልጅ መድኃኒት የሚጀምረው ሲታመም ወይም የመከላከያ ሴሉ ሲወርድ ነው ይል ነበር። እሷ አልታመመችም፤ ሴሏም አልወረደም።

ሴሉን የሚቆጥረው መሣሪያ እኛ ጋ ስላልነበረ ደሟን በረዶ ባለበት ሳጥን አድርገን በማለዳው አውቶብስ ወደ ጎንደር እንልካለን። ሹፌሩ ሳጥኑን ከወንበሩ ሥር እያስገባ «ዛሬስ ዓሣ ነው?» ይለኛል። ውጤቱ ሲመለስ የጤነኛ ልጅ ውጤት ነው። የሌላ ሰው ደም ተቀላቅሎ ይሆናል ብዬ በሚቀጥለው ጊዜ ራሴ ቀድቼ፣ ራሴ ስሟን ጽፌ፣ ራሴ አውቶብሱ ድረስ ወስጄ ላክሁት። ያው ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። የማላውቀው ነገር ከፊቴ ዛፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያወዛውዝ አልወድም።

በኋላ ለሥልጠና ጎንደር ስሄድ አንድ የሕፃናት ሐኪም አግኝቼ ጠየቅሁት። አልተገረመም። እንዲህ ያሉ ልጆች ጥቂት ቢሆኑም አሉ አለኝ። የብዙ ሰው ሰውነት ቫይረሱ ሲገባበት ይቆጣል፣ ያለ ዕረፍት ይዋጋል፤ በውጊያው የሚያልቁት ግን የገዛ ወታደሮቹ ናቸው። የእነዚህ ልጆች ሰውነት ግን አይቆጣም። ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ሞልቶ እንኳ ዝም ብለው አብረውት ያድጋሉ። ለምን እንደሆነ ገና በደንብ አይታወቅም፤ ብዙዎቹም ወደ ጉርምስናው ሲጠጉ ይህ ሰላም ይፈርስባቸዋል። «እስከዚያ ግን ተከታተሏት» አለኝ።

እስከ ዛሬ ስለዚህ ነገር አስባለሁ። እኔ ያደግሁት «ታገል» ሲባል ነው። የሚያተርፍ ሁሉ በትግል የሚገኝ ይመስለኝ ነበር። በአንዲት ትንሽ ልጅ አካል ውስጥ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ አለመጣላትን የመረጠ ደም መኖሩ ውስጤን ነካው።

ስመለስ ለእናትየው ነገርኳት። «ደሟ አይጣላም» አልኳት፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች።

«ወባም እኮ እንዲሁ ነው፣ ሲስተር» አለች። «ከደጋ የወረደው ሰው በወሩ ዘጭ ይላል። እዚህ ተወልዶ ያደገው ግን አንድ ቀን ይተኛና በማግሥቱ አረሙ ላይ ነው። እኔም ስመጣ ልሞት ነበር፤ አሁን ግን እይኝ፣ ወባ ምን ታደርገኛለች? ለምጃታለሁ።»

ስለ ወባ ያለችው ልክ ነበር። በዚያ አገር ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቆላው የለመደውን ሰው ወባዋ እንደ እንግዳ አትጥለውም። ይኼኛው ግን በመክረም የሚለመድ አይደለም፣ የልጅሽ ነገር የተለየ ነው ብዬ አስረዳኋት። «ገባኝ» አለች። የቀረውን ሐሳብ ግን በሆዷ ነው የጨረሰችው።

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት መድኃኒቷን ልትወስድ ሳትመጣ ቀረች። ጎረቤቶቿን ብጠይቅ ወደ ሽንፋ በኩል ላለ የእርሻ ካምፕ ለሠራተኞች ምግብ ልታበስል ልጅቱን ይዛ ሄዳለች አሉኝ። ስልክ የለም። አጨዳው አለቀ፣ ነዶው ተራግፎ ሰሊጡ ገበያ ገባ፣ እሷ የለችም።

ከወራት በኋላ በትራክተር ተሳቢ ላይ ጭነው አመጧት። መጀመሪያ ያወቅሁት ልጅቱን ነው። የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ፀሐዩን እየከለከለችላት ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ያለችውን ሴት ግን አላወቅኋትም። ሳንባ ነቀርሳ ይዟት አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ያቺን ሰዓት የማታዛንፍ ሴት እንዲህ ሆና ሳያት ቁጣዬ ተነሣ። አልጋ እስክትይዝ ጠብቄ «ምን ሆነሽ ነው የተውሽው?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ለምጄዋለሁ ብዬ ነው፣ ሲስተር» አለች፤ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። «እሷ ትንሿ ከለመደችው እኔ ትልቋ እንዴት ያቅተኛል ብዬ።»

ያዘጋጀሁት ቁጣ ሁሉ ጠፋኝ። ወጥቼ ኒሙ ሥር ቆምኩ።

አልሞተችም። ለረጅም ጊዜ ግን ትሞታለች ብለን ነበር። የሳንባውን መድኃኒት፣ ቀጥሎም ያቋረጠችውን የቫይረሱን መድኃኒት ጀመረች። ልጅቱ አጥሚት ይዛ ትመጣለች፣ ታጥባታለች፣ ትመለሳለች። አንድ ቀን በዚያው አልጋ ላይ እናቷ ሁሉንም ራሷ ነገረቻት፦ የራሷን ሕመም፣ የአባቷን አሟሟት፣ በልጅቱ ደም ውስጥ ያለውንም። ልጅቱ ሰምታ ሳህኑን ይዛ ወጣች፤ አላለቀሰችም።

እናትየው ድና ወደ ሻይዋ ከተመለሰች በኋላ፣ ልጅቱም ስድስተኛ ክፍል ስትገባ፣ አዲስ መመሪያ መጣ። ቫይረሱ ያለበት ልጅ ሁሉ፣ ሴሉ ምንም ያህል ይሁን፣ መድኃኒት ይጀምር ተባለ። ሁለቱንም ጠራኋቸው።

«ያልታመመች ልጅ?» አለች እናትየው። «እኔን አጥፊ ነሽ ብትይኝ እሺ። እሷ ምን በድላ?»

የጎንደሩ ሐኪም ስለ ጉርምስና ያለኝን ነገርኳት። አልተዋጠላትም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም በደንብ አልተዋጠልኝም፤ ያንን ዝምተኛ ደም መንካት እጄን ከበደው።

ልጅቱ ወንበሯ ላይ ሆና ሁለታችንንም ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። «ሲስተር፣ እናቴ መድኃኒቷን የተወችው እኔን አይታ ነው?»

እናትየው «አይደለም» አለች ቶሎ። ልጅቱ ግን የምትጠብቀው የእኔን መልስ ነበር።

«አዎ» አልኳት። «ጥፋቱ ግን ያንቺ አይደለም።»

«እንግዲያው ስጡኝ። ሌላም ሰው እኔን አይቶ እንዳይተው» አለች።

መድኃኒቱን አውጥቼ አወሳሰዱን ስነግራት በጥሞና ሰማችኝ፤ ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ ጠየቀች፦

«ያንቺ ሰዓት መቼ ነው?»

«ማታ ሁለት ሰዓት» አለች እናትየው፣ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች።

«የኔም ሁለት ሰዓት ይሁን። መጀመሪያ አንቺ ትውጫለሽ፣ አይቼሽ እኔ እውጣለሁ።»

ያ ደም ለብቻው እስከ መቼ ይችል እንደነበር ከዚያ ወዲያ የሚታወቅበት መንገድ የለም። አንዳንዴ ይቆጨኛል፤ ማወቅ የምወድ ሰው ነኝና። ነገር ግን እዚያ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት እናትየው ከዚያ ወዲያ መድኃኒት ያቋረጠችበት ጊዜ አልነበረም። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን እኔም ቤቴ ሆኜ ሰዓቴን አይ ነበር።