አክስቴ እታገኘሁ ያዩት እርጎ

የልጄ ጡጦ መኪና ውስጥ ተረስቶ ቀኑን ሙሉ በአሽዶድ ፀሐይ ሲበስል ውሎ፣ ማታ ክዳኑን ስከፍተው የኮመጠጠና የሞቀ ወተት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሌላ ሰው ፊቱን አዙሮ ይደፋው ነበር፤ እኔ ግን ጡጦውን እንደያዝኩ በሐሳቤ ሮቫ ዛይን ሰፈር ያለው የልጅነት ቤታችን ኩሽና ውስጥ ገባሁ። የእናቴ አይብ ሽታ ነው። ደስ የሚል ትዝታ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አይደለም።

በክረምት አንድ ዘመዳችን በአቅራቢያችን ካለ ሞሻቭ፣ ከገበሬዎች መንደር፣ ከሚሠራበት የላም በረት፣ ያልፈላ ወተት በጀሪካን ያመጣልን ነበር። እናቴ ወተቱን አርግታ፣ ሰው ልካ ከጎንደር ባስመጣችውና በወይራ ጭስ ባጠነችው ቅል ውስጥ ትገለብጠዋለች። ያኔ ከፊት ለፊታችን ያለው በር ይከፈትና የእናቴ ባልንጀራ እታገኘሁ ሳያንኳኩ ይገባሉ፤ ዘመዳችን ባይሆኑም አክስቴ እላቸው ነበር። ሁለቱ ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንዷ ሲደክማት ሌላዋ እየተቀበለች፣ ሰው እያሙና እየሣቁ ይንጡት ነበር። ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረውን አሬራ እናቴ በስስ እሳት ላይ ትጥደውና አጠገቡ ቆማ ትጠብቀዋለች። «ጣትሽን አስገቢበት፤ ካልቻልሽው አልፏል፣ አይቡ ጎማ ሆነ ማለት ነው» ትለኝ ነበር። ነጩ እየተሰበሰበ ወደ ላይ ሲወጣ፣ አጓቱ ከሥር ጠርቶ ሲቀር፣ በነጭ ጨርቅ ታጠለዋለች። ገና ትኩሱን አክስቴ እታገኘሁ በጣታቸው ዘግነው፣ በረንዳው ላይ ከበቀለው ጤና አዳም ቀንጥሰው ጨምረው ያጎርሱኝ ነበር። ከዚያ የሚጥም ነገር እስከ ዛሬ አልበላሁም።

ከፋሲካ በኋላ ዘመዳችን ከበረቱ ሥራ ወጣና ወተቱ ቀረ። ሻቩዖት ሲደርስ፣ የወተት በዓል ነውና እናቴ ያለ አይብ አላሳልፍም ብላ ከሱፐርማርኬት የላስቲክ ወተት ገዝታ በእርሾ አረጋችው። ጠዋት አክስቴ እታገኘሁ ብቅ አሉና ክዳኑን ከፍተው «እንዴት ያለ እርጎ ነው እቴ፣ ሲያምር!» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። እናቴ ብቻዋን እስከ ቀትር ናጠችው፤ ቅቤው አልወጣ አለ። ለሁለተኛ ጊዜ አረጋች፣ ቅሉን አጥባ አጠነች፣ መስኮቱን ዘጋግታ ናጠች፤ ያም እምቢ አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ቅቤ እምቢ ሲል ጥፋቱ የወተቱ አይደለም፣ ዓይን አርፎበት ነው። ክዳኑን ማን እንደከፈተ፣ አድንቆም እንትፍ እንትፍ ሳይል ማን እንደሄደ እናቴ አሰበችና አገኘች።

ማታ አክስቴ እታገኘሁ ከሥራ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ጠበቀቻቸው። «ቅቤዬን ምን አደረግሽው?» አለቻቸው። ቀልድ መስሏቸው ሣቁ። እናቴ ግን ቡዳ አለቻቸው፤ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። ይህ ቃል እኮ እዚያ ጎንደር ለእኛ ለአይሁዶቹ የተሰጠ ስም ነበር፤ ቀጥቃጭ ናቸው፣ ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ ቡዳ ናቸው እየተባለ ስንቱ ወገናችን ከመንደሩ ተባሯል። ይህን ሁሉ አያቴ ስታወራ እናቴ ታለቅስ ነበር። ያንኑ ቃል እስከዚህ ድረስ ተሸክማ መጥታ በገዛ ባልንጀራዋ ላይ አራገፈችው።

«ከአንቺ አፍ ይውጣ?» አሉ አክስቴ እታገኘሁ። ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በጋውን ሙሉ ወሬው ከደረጃ ወደ ምኩራብ፣ ከምኩራብ ወደ ሠርግ ቤት ሲዞር ከረመ። እናቶች እሳቸው ሲመጡ የሕፃን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። የዳሱ በዓል ሱኮት ሳይደርስ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ ሮቫ ቴት ሄዱ። እኛ ግን አይብ መብላታችንን አልተውንም፤ እናቴ ቅቤ ያልወጣለትን እርጎ እንዳለ ትጥደው ነበርና አይቡ ከድሮው ይልቅ የለሰለሰ፣ አፍ ላይ የሚቀልጥ ሆነ። «ይኼንንስ ልትወስድብን አልቻለችም» እያለች ታቀርብልን ነበር፤ እኛም ጣታችንን እንልስ ነበር።

ነገሩን ያወቅኩት ካገባሁ በኋላ፣ ወተት ፋብሪካ ከምትሠራ ጓደኛዬ ነው። የሱፐርማርኬቱን ወተት ስቡን በማሽን አድቅቀው ከወተቱ ጋር ስለሚያዋህዱት፣ መሲሑ እስኪመጣ ቢናጥ ቅቤው አይለይም። ማንም አልወሰደውም፤ አይቡ ውስጥ ነበር፣ እኛው በላነው። የዚያኑ ዕለት ለእናቴ ነገርኳት። «አሁን ይኼ ለማን ይጠቅማል?» አለችኝ። ተናደድኩባት፤ ዛሬም አልበረደልኝም።

ባለፈው ወር እናቴን ወደ ቁፓት ሖሊም፣ ወደ ክሊኒኩ ወሰድኳት፤ ልጄን አቅፌ ነበር። ሐኪሙ በር ላይ ተራ ስንጠብቅ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መጥተው ፊት ለፊታችን ተቀመጡ፤ አክስቴ እታገኘሁ ናቸው። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አወቁኝ፣ በስሜ ጠሩኝ፣ ግን ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም። ልጅቷን ጠጋ ሳደርግላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አላየኋትም» አሉኝ።

«ይዩዋት እንጂ አክስቴ፣ ይዩዋት» አልኳቸው።

እናቴ ቦርሳዋን ከፍታ የሌለ ነገር ትፈልግ ነበር። እኔን በልጅነቴ በጣታቸው እያጎረሱ ያሳደጉኝ ሴት፣ ስማችን ተጠርቶ ወደ ሐኪሙ እስክንገባ ድረስ፣ ልጄን እንዳይጎዱብኝ ሰግተው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ።