ስሜን ጥራና ልምጣ

ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ሦስት ሆነን አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጥ ነበር። እኔ የሱቅ ነጋዴ ሴት ልጅ ነኝ። አንደኛው ጓደኛችን የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ፣ አፉ የሰላ፣ ሰው ማሳቅ የሚያውቅበት ነበር። ሌላው ከዝቋላ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ በኽምጣንጋ አፉን የፈታ፣ አማርኛው ገና ያልጠራ ልጅ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አባቱ ማር ተሸክመው ከዝቋላ ድረስ በእግራቸው መጡና የክፍላችን በር ላይ ቆሙ። ልጁ ደስታው አጣድፎት ብድግ አለና «ቲቸር፣ አባቴ መጣች!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባትየው ምን እንዳሳቀን ሳይገባቸው አብረውን ፈገግ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፈኛው ጓደኛችን «መጣች» ይለው ጀመር። ትምህርት እስክንጨርስ መምህራን ሳይቀሩ በዚያ ጠሩት።

አፈኛው ዛሬ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ ነው። አምና ለዘመድ ሠርግ ሰቆጣ መጣና ሱቄ ድረስ ፈልጎ አገኘኝ።

«መጣች የት ገባ?» አለኝ።

ተከዜ ሐይቅ ላይ ዓሣ እንደሚያሰግር፣ ቤንዚን ሲጠፋ የድንኳን ሸራ ሰፍቶ ጀልባውን በነፋስ እንደሚነዳ ነገርኩት።

«ባለ ሸራ ጀልባ? እዚህ አገር? ነገውኑ እንሂዳ!»

ደወልኩለት። ባለጀልባው «ኑ፣ ምሳ እኔ ጋ ነው» አለ።

ጽጽቃን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየበረታ ሄደ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ባለጀልባው ሮጦ መጥቶ ትከሻችንን እየገጨ ሳመን። ያንን የኃላፊ ጫማ በእጁ ይዞለት፣ በሌላው እጁ ክንዱን ደግፎ ጀልባው ላይ አወጣው። ሸራው ጠጋግኖ ጠጋግኖ የሰፋው ነው፤ ግን ነፋስ ሲገባበት ተነፋና ያለ ምንም ድምፅ ወሰደን። እንደ ልጅ ተደሰትን።

የወሰደን ውሃው ሲሞላ አናቱ ብቻ ወደቀረ ኮረብታ ነው፤ ዙሪያውን ውሃ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሰንጥቆ፣ በጨውና በአዋዜ አሽቶ፣ ፍም ላይ ጠበሰልን። የማሽላ እንጀራና ነጭ ማር አቀረበ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ምሳ በልቼ አላውቅም። ስለ ድሮ እያወራን ብዙ ሳቅን።

አፈኛው ጣቱን እየላሰ «መጣች» አለው፤ «አባትህ እንዴት ነች?»

ባለጀልባው ፍሙ ላይ ያለውን ዓሣ ገለበጠ።

«ሞተች» አለ።

«አይ መጣች! አሁንም አለቀቀህም?» ብሎ አፈኛው በሳቅ ፍርስ አለ።

ባለጀልባውም ሳቀ። የመጨረሻውን ዓሣ አነሣለት፤ አጥንቱን ለይቶ አጎረሰው። ከዚያ እጁን ታጠበና «መረቤን አይቼ ልምጣ። አንቺም ነይ፣ ታያለሽ» አለኝ። አፈኛው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ «ሂዱ፣ ሂዱ» አለን።

ከኮረብታው ርቀን፣ ድምፅ ገና የሚሰማበት ቦታ ላይ ስንደርስ ባለጀልባው ሸራውን አወረደ። ወደ ኮረብታው ዞሮ ጮኸ፦

«ስሜን ጥራና ልምጣ!»

«መጣች!»

«እሱ አይደለም!»

አፈኛው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመና አንድ ስም ጠራ፤ የሌላ የክፍላችን ልጅ ስም ነው። ሌላ ጠራ። አሁንም ሌላ። አንድ ዴስክ ላይ ስንት ዓመት አብሮት የተቀመጠውን ልጅ ስም አያውቀውም። ውሃው ውስጥ እግሩን ሲያስገባ ባለጀልባው «አትግባ፣ አዞ አለ» አለው፤ ረጋ ባለ፣ ለወንድም በሚነገር ድምፅ። እውነቱን ነበር።

«ኧረ ልጆች አሉኝ!» ብሎ አለቀሰ አፈኛው።

«አባቴም ልጅ ነበራት!»

«ተው፣ ይበቃዋል» አልኩት ባለጀልባውን።

ዞሮም አላየኝ። «ካዘንሽለት አጠገቡ ላውርድሽ።»

ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። ወዲያ ማዶ ኃላፊው ተንበርክኮ ነበር፤ ሱሪው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ የማያውቃቸውን ስሞች እየደረደረ። አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ ስሙን ጮኼ ነገርኩት። ነፋሱ ግማሹን ወሰደው። አፈኛው የደረሰውን ቁራጭ ይዞ ደጋግሞ፣ አጣሞ፣ እያለቀሰ ጮኸ። ባለጀልባው ጆሮውን ሰጥቶ ሰማው።

«የጠራሽኝ አንቺ ነሽ» አለኝና ሸራውን ሰቀለ። ትተነው ሄድን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ሌላ ዓሣ አስጋሪ አፈኛውን ጭኖ ሐይቁ ዳር አመጣው። ባለጀልባው ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ «ወንድሜ፣ ጠፋህብን እኮ!» ብሎ ሻይ አቀረበለት። ጠጣው። ብርጭቆው ጥርሱ ላይ ሲንቀጫቀጭ ሁላችንም ሰማን፤ ማንም አልሳቀም።

ወደ ሰቆጣ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «ስሙን ታውቂው ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ እስከዚያ ድረስ ምን ትጠብቂ ነበር?»

ሱቄ በር ላይ ሳይሰናበተኝ ወርዶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሣም።

ባለጀልባው ግን በነጋታው ደወለ። በሰላም መግባታችንን ጠየቀና «ምሳው ተስማማው?» አለኝ።

«ተስማምቶታል» አልኩት።